ከአጥሬ ውጭ የሚቆመው የአሳማ ሹም

ኤሊፋሌት ክሬን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአጥሬን በር በገዛ እጁ ከፍቶ ገብቶ አያውቅም። የእህቴ ልጅ ባል ነው፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ የበቆሎ ማሳ ነው። የጠፋ አሳማ ነድቶልኝ የመጣበትን ቀን ብቆጥር አልጨርሰውም። ግን ሁልጊዜ ውጭ ቆሞ ይጣራል፣ እኔ እወጣለሁ። ባለፈው ረቡዕ ቀበርነው። ከቀብር ስንመለስ አንዲት አዲስ ሙሽራ ጠጋ ብላ "እመት መሂታቤል፣ ሟቹ ከእርስዎ ጋር ተቀያይመው ነበር እንዴ?" አለችኝ። በጣም አናደደችኝ፤ ያናደደችኝ ግን መልሱን ስለማውቀው ነው። እንግዲህ ሌላ ሰው አጣሞ ከሚያወራው እኔው ላውራው።

መጠርጠር ጠባዬ ነው፣ አልክድም። ወተት ሲቀንስ ቀድማ የምትታወሰኝ ላሟ ሳትሆን ጎረቤቴ ናት። ባሌ በሕይወት እያለ "አንቺ እኮ ዝናብ ሲዘንብ እንኳ ማን እንዳዘነበው ትጠይቂያለሽ" እያለ ይስቅብኝ ነበር። እሱ ሞቶ እርሻውን ብቻዬን ስይዝ ደግሞ ባሰብኝ። አጥር ሲላላ፣ መጋዝ ሲጠፋ፣ ሰው ከወትሮው ሞቅ አድርጎ ሰላም ሲለኝ፣ ሁሉም ከኋላው አንድ ነገር ያለው ይመስለኝ ነበር።

ኤሊፋሌት ወደ ማርሽፎርድ የመጣው በእግሩ፣ መሣሪያውን በጀርባው አዝሎ ነው። በርሜል ሠሪ ነበር። ከየት ነህ ሲሉት "ከታች፣ ከባሕሩ ዳር" ይላል፤ ከዚያ በላይ አይጨምርም። ሰው ስለ ራሱ ዝም ሲል ደግሞ እኔ ክፍተቱን የምሞላበት አላጣም። ሚስቱን ጥሎ የሸሸ አድርጌ አሰብኩት፣ ከዚያም ከእስር ያመለጠ አድርጌ አሰብኩት። እሱ እቴ፣ ጠዋት እንጨቱን ይጠርባል፣ ማታ መሣሪያውን ይስላል፣ እሑድ ጸሎት ቤት የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል።

ኬዛያን ለሚስትነት ሲጠይቀኝ እሺ ከማለቴ በፊት ሦስት እሑድ አጠናሁት። ኬዛያ የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እኔው ነኝ ያሳደግኳት። በጸሎት ሰዓት ዓይኑን ይጨፍን እንደሆነ አየሁ። ይጨፍናል። አሁን ደግሞ ከመጠን በላይ አጥብቆ ይጨፍናል አልኩ። ኬዛያ ግን ወዳዋለች፤ በነሐሴ ተጋቡ።

በእኛ መንደር ወንዶቹ መጋቢት ላይ ተሰብስበው የዓመቱን ሹማምንት ይመርጣሉ። በዚያ ዓመት ያገባ ሙሽራ ካለ የአሳማ ሹም ያደርጉታል። ለቀልድ ነው፤ ገና ከሚስቱ እቅፍ ያልወጣ ሰው ጭቃ ውስጥ አሳማ ሲያባርር ለማየት። ሥራው ግን ቀልድ አይደለም። ማሳ የገባውን ይይዛል፣ የሚቆፍረው አፍንጫ ላይ ቀለበት ያስገባል፣ ይህ የኔ ነው ያንተ ነው የሚሉትን ይዳኛል። አብዛኛው ሙሽራ ዓመቱን በሳቅ አሳልፎ ይገላገላል። ኤሊፋሌት የተሾመ ዕለት አልሳቀም። ኮፍያውን አውልቆ "እሞክራለሁ" አለ። ሰዎቹ በዚህ ይበልጥ ሳቁ። እኔ ደግሞ ይህን ያህል የጓጓለት ለምን ይሆን አልኩ።

የጆሮውን ነገር ካልነገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። አሳማዎቻችን ከመኸር እስከ ሚያዝያ ውሎ አዳራቸው ጫካ ነው። የማን እንደሆኑ የሚታወቀው በጆሯቸው ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት በመንደሩ መዝገብ የተጻፈ የራሱ ቁርጥ አለው። የኔ የቀኝ ጆሮ ጫፍ ላይ እንደ ወፍ ጭራ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። የዲያቆን ፔላታያ ስቶው የግራው ጫፍ ላይ አንድ ስንጥቅ ነው። አሳማ ያረደ ሰው ጆሮዎቹን ለጎረቤት ሳያሳይ ጨው አይነሰንስም፤ ጆሮ የሌለው ሥጋ እንደ ተሰረቀ ይቆጠራል። ኤሊፋሌት ዘግይቶ ስለመጣ ጥሩ ጥሩው ምልክት ተይዞ ነበር፤ የተረፈው የሁለቱም ጆሮ ጫፍ ድፍን ብሎ የተቆረጠ ነው። ጸሐፊው መዝገብ ላይ ሲያሰፍርለት እዚያው ቆሜ ነበር። "ይሄ ምልክት የሌላውን ሁሉ ይበላል፤ የማንም ጆሮ ጫፉ ከተቆረጠ የእሱ ይመስላል" አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

ከሹመቱ በፊት ያለፈው የበረዶ ወራት ሽማግሌዎች እንኳ አይተነው አናውቅም ያሉት ነበር። ወንዙ ላይ በበሬ የሚጎተት ግንድ ተሻገረ። የፖም ጠጃችን በርሜሉ ውስጥ ደርቆ በመጥረቢያ ፈልጠን ነው ያቀለጥነው። ከዶሮዎቼ አራቱ ካደሩበት ቆጥ ላይ ደርቀው ወደቁ፤ አውራ ዶሮዬ ተረፈ፣ ግን አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጠቁሮ ረገፈ። ጫካ ስላሉት አሳማዎች ጸለይን እንጂ ምን እናደርጋለን።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ኤሊፋሌት አንዲት እናት አሳማ እየነዳ መጣ። ያኔ የአጥሬን በር ራሱ ይከፍት ነበር፤ ከፍቶ ገባ።

"እመት መሂታቤል፣ ይቺን ከኔዎቹ መሃል አገኘኋት" አለኝ። "ጆሮዋ የኔን ምልክት ይዟል። እኔ ግን አላውቃትም። ጎኗ ላይ ያለውን ጥቁር ሳየው የእርስዎ መሰለችኝ።"

የኔ ነበረች። በዚያ ጥቁር ነጥብ ከሺህ አሳማ መሃል እለያታለሁ። ጆሮዋን ያዝኩ። የወፍ ጭራዬ የለም። የሁለቱም ጆሮ ጫፍ ጠፍቷል፤ ጠርዙ ጠቁሮ፣ ተጨማዶ፣ ድኗል።

"ማን ቆረጠው?" አልኩት።

"እኔም ይህንኑ ነው የምጠይቀው።"

"የአሳማ ሹሙ አንተ። እኔን ትጠይቀኛለህ?"

ፊቱ ቀላ። "አላውቅም ማለቴ ነው፣ እመት። ያገኘሁትን አመጣሁ።"

"ደግ አደረግህ" አልኩት፤ ሲወጣ ግን ጀርባውን እያየሁ ቆየሁ። ሌባ ቢሆን ለምን ያመጣልኛል? እዚህ ላይ ልቤ ትንሽ ማረፍ ነበረበት። አላረፈም። አምስት ወስዶ አንዷን የሚመልስ ሰው ብልጥ ሰው ነው፣ አልኩ ለራሴ። ሰው ሳይጠይቀው መልስ ይዞ መጣ፣ አልኩ። ኩሽናዬ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ቆይቼ ሻሌን ለበስኩና ወደ ዲያቆን ፔላታያ ሄድኩ። እሱ የመንደሩ ሽማግሌዎች አለቃ ነበር።

ዲያቆኑ የገዛ አሳማዎቹን አስፈለገ፤ ከእነሱም ሁለቱ ጫፍ አልባ ሆነው ተገኙ። በሦስት ቀን ውስጥ አሥራ አንድ አሳማ ጸሎት ቤቱ አጠገብ ባለው የመንደሩ ጉረኖ ተሰበሰበ፤ ሁሉም የኤሊፋሌትን ምልክት ይዟል፣ አንዱም የኤሊፋሌት አይደለም። ከእነሱ ሦስቱ የጆሯቸው መሃል ላይ የባለቤታቸው የቀዳዳ ምልክት እንዳለ ነበር።

"ጫፉን ከቆረጠ ቀዳዳውን ለምን ተወው? ይህማ የባለቤቱን ማንነት ይናገራል" አለ ዲያቆኑ ግንባሩን አኮማትሮ።

"ሰው መጥቶበት ይሆናል። ሳይጨርስ ሮጠ" አልኩት።

እንዲህ ያለ መልስ ያኔ ከምላሴ ጫፍ አይጠፋም ነበር። ዲያቆኑ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። "ሥጋ የሚገባበት በርሜል የእሱ፣ ምልክቱ የእሱ፣ ሹመቱም የእሱ" አልኩ ጨምሬ። ይህቺን አባባሌን ወድጃት ነበር። በማግስቱ ወፍጮ ቤት ሌላ ሰው እንደ ራሱ አድርጎ ሲናገራት ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ነገር እኔ ነኝ ያመጣሁት። እሑድ ኤሊፋሌት አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ አጠገቡ የነበሩት ሦስት ሰዎች ተነስተው ወደ ፊት ሄዱ። በርሜል ያዘዙት ዝም ብለው ቀሩ። ሰዎች ቤቱ አጠገብ ሲያልፉ አየር ያሸትታሉ፤ ሥጋ ይጠበሳል ወይ ለማለት ነው። እሱ ግን በየማለዳው የአፍንጫ ቀለበቱን በከረጢት ይዞ ለሥራው ይወጣል። አሳማቸውን የሚያስነካው ጠፋ። ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው ሐሙስ ሊቀመጡ ተቀጣጠሩ። ጥፋተኛ ከተባለ መገረፊያው እንጨት ላይ ታስሮ ይገረፋል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም ከነሚስቱ ወንዙን ተሻግሮ ከመንደሩ ይወጣል። ኬዛያ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር።

ረቡዕ ቀትር ላይ መጣች። ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ በሩ ላይ ቆመች።

"ግቢና ተቀመጪ" አልኳት።

"አልቀመጥም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። አክስቴ፣ መጀመሪያ ዲያቆኑ ጋ የሄድሽው አንቺ ነሽ?"

"ያየሁትን ነው የተናገርኩት።"

"ምን አየሽ? ቢላ ይዞ አየሽው?"

"ጆሮ አየሁ።"

"ጆሮ" አለች። "እሱ እኮ አሳማዋን በእጁ አመጣልሽ። እኔ ተው ብዬው ነበር። አክስቴን እኔ አውቃታለሁ፣ አሳማዋን ጫካ ልቀቃትና ራሷ ትምጣ፣ ብዬው ነበር። የሰው ነገር ነው፣ እንዴት እለቃለሁ አለኝ።"

"ብልጥ ሰው እንዲሁ ነው የሚያደርገው።"

አላለቀሰችም። "ነገ ማታ ወንዙን የምሻገረው እኔም ነኝ፤ ይሄም" አለች ሆዷን ነክታ። "ምጥ ቢይዘኝ ማን ቤት እንደምገባ አላውቅም። አንቺ ግን እዚሁ ሆነሽ ማን ምን እንደሰረቀሽ ታስቢያለሽ።" ይህን ብላ ሄደች። እኔም አፍሬ ሳይሆን ተቆጥቼ ቀረሁ፤ ሊያስተምረኝ የተነሳው አፏ በኔው ቤት ያደገ ነው እያልኩ።

ዓይኔ ከጠፋ አምስት ዓመት ስለሆነኝ ይህን የምትጽፍልኝ ያኔ ሆድ ውስጥ የነበረችው ልጅ ናት። እዚህ ላይ ብዕሯ ቆሟል። ጻፊ ብያታለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ወተት አልቤ ገባሁ። የጎተራዋ ግራጫ ድመት ከሁለት ቀን በፊት በበግ ጠጉር ቅርጫቴ ውስጥ ወልዳ ነበር። የዱር ያህል ናት፤ ዓመቱን ሙሉ ከጎተራው አትወጣም፣ ሰው አታስጠጋም። የዚያን ዕለት ግን ርቧት ኖሮ እግሬ ሥር መጥታ ሳህኑ ላይ አቀረቀረች። ጎንበስ ብዬ አየኋት። የሁለቱም ጆሮዎቿ ጫፍ የለም።

ደሜ ፈላ። "ድመቴንም!" አልኩ ጮክ ብዬ። ይህ ሰው ጎተራዬ ድረስ ገብቶ ድመቴን ምልክት አደረገባት። ሻሌን አነሳሁ፤ ለዲያቆኑ ይህን ልጨምርለት ነው። በሩ ላይ ስደርስ ነው እግሬ የቆመው። ድመት ማን ይሰርቃል? ድመትስ ማን ያርዳል?

ተመለስኩ። ድመቷን በአንገቷ ቆዳ ያዝኳት፤ እጄን እስከ ክንዴ ቧጠጠችው። ጠርዙ ጠቁሮ፣ ተጨማዶ፣ ድኗል። ልክ እንደ አሳማዬ። ይቺ ድመት ያንን የበረዶ ወራት ያደረችው ጎተራ ነው። ግቢ ውስጥ ደግሞ አውራ ዶሮዬ ሲጮህ ሰማሁት፤ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነው አውራ ዶሮ። ብርድ በላው ብዬ ለሰው ያወራሁት እኔው ራሴ ነበርኩ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ኬዛያን ወንዝ ዳር፣ ዕቃዋን ተሸክማ አየኋት። ከዚያ ተነሳሁ፣ ድመቷን ክዳን ባለው ቅርጫት ከተትኳትና በሻሌ አሰርኩት፤ ግልገሎቿን እንዳይበርዳቸው በባሌ አሮጌ ካባ ሸፈንኳቸው።

ስደርስ ወንዶቹ ጉረኖው ዙሪያ ቆመዋል። ኤሊፋሌት መገረፊያው እንጨት አጠገብ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። አልታሰረም፤ እጆቹ ግን እንደ ታሰረ ሰው ከፊቱ ተጣምረው ነበር።

"እመት መሂታቤል፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል" አለ ዲያቆኑ። "እርስዎ የሚሉትን ብለዋል፤ ተጽፏል።"

"ያልኩትን ልመልስ ነው የመጣሁት።"

"ሴት በዚህ ጉባኤ አትናገርም።"

"እሺ፣ እኔ ዝም እላለሁ። ምስክር ይዣለሁ።"

"የታለ ምስክሩ?"

ቅርጫቱ ውስጥ ድመቷ ጮኸች። ከኋላ አንዱ "ምስክሯ ተቆጥታለች" አለና ሳቁ። ክዳኑን በትንሹ ከፍቼ አንገቷን ይዤ ጆሮዋን ለዲያቆኑ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየ።

"ታዲያ አንድ ድመት..." አለ።

"ጅራታቸውን ይዩ" አልኩት።

"የማንን ጅራት?"

"የአሳማዎቹን። ሁላችንም ሁለት ሳምንት ሙሉ ጆሮ ስናገላብጥ ሰነበትን። ከመሃላችሁ ጅራት ያየ አለ?"

ጆሮ የለመደ ዓይን ከጆሮ አያልፍም፤ የማን እንደሆነ የሚነግረን ጆሮ ነው፣ ጅራት ምን ያደርግልናል። ዲያቆን ፔላታያ ከነእሑድ ጫማው ጭቃው ውስጥ ገባ። አንዱን ያዘ፣ ከዚያ ሌላውን። እየዞረ ሲሄድ ፊቱ ይለዋወጥ ነበር። ከአሥራ አንዱ የስምንቱ ጅራት ጫፉ ጠቁሮ ረግፏል።

"እዚህ ጅራት የሚቆርጥ ምልክት ያለው ሰው አለ?" አልኩ።

"ብርድ ነው" አለ ዲያቆኑ ቀስ ብሎ። ከዚያ ደግሞ፣ ቀዳዳ ካላቸው ሦስት አሳማዎች የአንዱን ጆሮ ይዞ ወደ እኔ ዞረ። "ሰው መጥቶበት ሳይጨርስ ሮጠ ያሉኝ እርስዎ ነበሩ።"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

መዝገቡ ተዘጋ። ዲያቆኑ ጫማውን ሣር ላይ እየጠረገ "ጉዳዩ አልቋል፣ ክሬን፤ ሥራህን ቀጥል" አለው። ይቅርታ የሚል ቃል ከዲያቆኑ አፍ አልወጣም። ከኔም አልወጣም። ኤሊፋሌት ኮፍያውን አደረገ፣ ጉረኖውን ከፈተ፣ አሳማዎቹን እየለየ ወደየባለቤቶቻቸው መንዳት ጀመረ። ያን ዕለት ሁሉንም አድርሶ ነው ቤቱ የገባው።

ኬዛያ በሦስተኛው ሳምንት ወለደች፤ አዋላጇ ስትመጣ እኔንም ጠሩኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የበቆሎ ዳቦና ቅቤ ይዤ በርሜል ወደሚሠራበት ጎጆ ሄድኩ።

"ተቀይመኸኛል?" አልኩት።

"የለም፣ እመት። ጆሮ አዩ፤ ያዩትን ተናገሩ።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዳቦውን ተቀበለኝ፣ አመሰገነኝ፣ ወደ እንጨቱ ተመለሰ። ምልክቱንም በዚያው ወር አስቀየረ፤ ጆሮው ሥር፣ ብርድ የማይደርስበት ቦታ፣ ሁለት ቀዳዳ። በሚቀጥለው መጋቢት ሌላ ሙሽራ ሳለ እሱን መልሰው የአሳማ ሹም አደረጉት፤ በዚያ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሹም አላየንም።

ኬዛያ በወለደችበት ዓመት መኸር ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የጠራኝ። ወጣሁ። አሳማዋን በገመድ ይዟታል።

"ግባ እንጂ" አልኩት።

"መጀመሪያ ጆሮዋን ይዩ።"

"አምንሃለሁ፣ አስገባት።"

"ይዩ፣ እመት።" አልተቆጣም፤ ገመዱን ግን አላቀበለኝም። አየሁ፤ የኔ ናት አልኩት። ያኔ ገመዱን በአጥሩ ላይ አቀበለኝና ሄደ። በሩን እኔው ከፍቼ አስገባኋት። ዓመት አለፈ፣ ዓመት ተጨመረ፣ ይህ አልተለወጠም። አንዳንዴ ሆን ብዬ የአጥሩን በር ቧ አድርጌ ከፍቼ እተወው ነበር። መጥቶ መልሶ ይዘጋውና ከውጭ ይጣራ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ለመጨረሻ ጊዜ መጣ። ሳሉ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር። እየዳበስኩ ወጥቼ አጥሩን ያዝኩ።

"እመት መሂታቤል፣ ይዩልኝ።"

"ኤሊፋሌት፣ አሁንስ ተወኝ። አንተ ራስህ ታውቃለህ፣ አላይም።"

"ይዳስሱ እንግዲያው።"

እጄን ይዞ ጆሮዋ ላይ አደረገልኝ። እጁ በርዶ ነበር። ጣቶቼን በጠርዙ አስኬድኩ፤ የወፍ ጭራው እዚያው ነበር፣ ሁለቱም ጫፍ።

"የእርስዎ ናት?" አለኝ።

"የኔ ናት" አልኩት።

ሲያስል ቆየ። ከዚያ ገመዱን በአጥሩ ላይ አቀበለኝ፤ የበሩን መዝጊያ ግን ያን ቀንም እኔው ነበርኩ የፈታሁት።